ኖራው አልደረቀም

«ያዝ! ወንዳወቅ ያዝ!»

ወንዳወቅ ፍሬኑን ረገጠው። ላንድክሩዘሯ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ ወገቧን አዙራ ቆመች። ከኋላ የሚከተሉት ሚኒባሶች አንዱ ካንዱ ጀርባ ሊላተም ለጥቂት ተረፈ። ክላክሱ ጸጥ አለ። ከበሮውም ጸጥ አለ። ሱመያ በግንባሯ የፊቱን ወንበር ልትመታ ስትል ሙሽራው ኢሳቅ በክንዱ ከለከላት።

«ምንድን ነው?» አለች፣ ቬሎዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ።

ማን ይመልስላት፤ ወንዙ መለሰላት።

ገለሳ ወንዝ ከአፍታ በፊት ጠጠር ነበር። ፍየል የሚሻገረው፣ ባጃጅ የሚዘለው፣ ቁርጭምጭሚት የማያርስ ውሃ። የሙሽሪት አገር መርሳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐዩ ይጠብሳል። ደጋው ላይ ግን በልጉ ወርዶበታል። እዚያ የዘነበው አሁን እዚህ ደረሰ። እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅሎ እያሽከረከረ መጣና የመኪናውን መሻገሪያ ባንድ ጉርሻ ዋጠው።

«እግዚኦ!» አለ ወንዳወቅ፣ መሪውን እንደያዘ። «ትንሽ ብንፈጥን ኖሮ ሰርጉ አፋር ወርዶ አሳይታ ነበር የሚደገሰው።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ግራ ዞረ።

በግራ በኩል ድልድዩ አለ።

ባለ ሦስት ቅስት፣ ጥርብ ድንጋይ፣ በኖራ የተያያዘ። ጎርፉ ከሥሩ ይንደቀደቃል፣ እሱ ከላይ እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሏል። መግቢያው ላይ የብረት ዘንግ ተጋድሟል፣ ዘንጉ ላይ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጎኑ ሰሌዳ አለ፤ «ይህ ድልድይ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ከእግረኛ በስተቀር ማለፍ ክልክል ነው።»

ሰሌዳውን ያጻፈችው ሱመያ ናት። ዘንጉንም ያስተከለችው እሷው። በሀብሩ ወረዳ የቅርስ ባለሙያ ናት። ክረምት ላይ አሸዋ የጫነ አይሱዙ መከለያውን ገጭቶ ድንጋይ ወንዝ ውስጥ ሲከት ነው የተነሳችው። ከወልድያ መሐንዲሶች አስመጣች። መሐንዲሶቹ ከሥር ገብተው የመሃሉን ቅስት ስንጥቅ አዩና እስኪጠገን መኪና የሚባል ዝር አይበልበት አሉ። ሹፌሩ ሁሉ ጠላት ሆነባት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ማዶ ግራና ከተማ የሚሄደው ሰው መሻገሪያው ዳር ቁጭ ብሎ ውሃ እስኪጎድል ይጠብቃል፣ እየጠበቀ እሷን ያማል። ስምም አወጡላት። ኬላዋ አሏት። ስሙን ያወጣው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ይሄው መሪ የያዘው ወንዳወቅ።

«ኬላዋ ራሷ ኬላ ላይ ተያዘች!» አለ አሁን፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ። «ሙሽሪት፣ እንግዲህ ክፈቺና እንለፍ።»

«መንገድህን ተመልከት» አለች ሱመያ።

«የቱን መንገድ? መንገዱ ሄደ እኮ!»

ሰው ከሚኒባሶቹ እየዘለለ ወረደ። ኢሳቅም ወርዶ ወንዶቹ አፋፉ ላይ ተኮለኮሉ፣ ሴቶቹ ከመኪናዋ ዙሪያ። ሁሉም ባንዴ ያወራል። ሩቂያ፣ የሱመያ አብሮ አደግ፣ ጎኗ ተቀምጣ በሂጃቧ ጫፍ ፊቷን ታራግባለች።

«ይጎድላል» አለች። «አብሽሪ፣ ይጎድላል።»

ደጋው ግን እንደ ቀለም ጠቁሯል። ሌላ እያወረደ ነው። ዛሬ የሚጎድል ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ባጭሩ። በዚህ አገር ሙሽራ የመጣችበትን መንገድ አትመለስም። ከተመለሰች ትዳሩም ይመለሳል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ከእናቷ ደጅ እስከ አማቷ ደጅ እግሯ አፈር አይነካም። ሚዜ አንስቶ መኪና ውስጥ ያስገባታል፣ ሚዜ አንስቶ ያወርዳታል። አፈር ከነካች እድሏ መንገድ ላይ ይፈሳል። ዲግሪ ያለውም ዲግሪ የሌለውም ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በሰርጉ ቀን ግን ማንም አይሞክረውም።

ግራና ድንኳኑ ተተክሏል። ወጡ ተሠርቷል፣ የእስላሙ ለብቻ የክርስቲያኑ ለብቻ። የኢሳቅ ዘመድ በሙሉ ከወንዙ ማዶ ይጠብቃል።

«ጋሽ መልካሙ!» ብሎ ተጣራ ወንዳወቅ። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይዘው ይምጡ!»

ጋሽ መልካሙ የድልድዩ ጥበቃ ነው። ከላይ የመንግሥት ካፖርት፣ ከታች ቁምጣ፣ እጁ ላይ ጃንጥላ። እየተጎተተ መጣ፣ ባርኔጣውን ለሙሽሪት ከፍ አደረገ።

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን ጋሼ።»

«ቁልፉ!» አለ ወንዳወቅ።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም።»

«የት ሄደ?»

ጋሽ መልካሙ ሱመያን አየ። ሱመያ ጉልበቷን አየች። ትናንት ማታ ነው ቤቷ ድረስ መጥቶ ያስረከባት። «ነገ ሰርግ ነው፣ ሰዉ ሞቅ ብሎታል፣ እኔን ያስጨንቀኛል፣ አንቺው ያዢው» ብሎ። ቬሎ ኪስ የለውም። በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አስራ ጡቷ መሃል ከታዋለች። ብረቱ አሁን ይቀዘቅዛታል።

«እሷው ጋ ነው» አለ ወንዳወቅ፣ ገባው። «በአላህ! ሰው ለሰርጉ ወርቅ ያደርጋል፣ ይቺ የኬላ ቁልፍ!»

አሁን ተሳቀ። ሁሉም ሳቀ፣ ሱመያም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኑ ሁሉ እሷ ላይ ቀረ።

«አንድ መኪና ብቻ» አለ ወንዳወቅ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ሙሽሮቹን ብቻ። ሌላው ሰው በእግሩ። እንደ ላባ ነው የምሄድልሽ፣ ድልድዩ ማለፌንም አያውቅ።»

«አይሱዙውም እንደሱ ብሎ ነበር።»

«እኔን ካይሱዙ ጋር!»

አንዳርጋቸው መጣ። ሚዜው ነው፤ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ከኢሳቅ ጋር ማሽላ ሲያዳቅል የሚውል፣ ረጅም፣ ከማሽላው አገዳ ብዙም የማይወፍር።

«ወሬ አታብዙ» አለ፣ ኮቱን እያወለቀ። «እኔ ለምን ተፈጠርኩ? አዝያት እሻገራለሁ።»

«አንተ?» አለች ሩቂያ። «አንተን ማን ይዘልህ?»

«ጧት ከእናቷ ቤት ያወጣኋት እኔ አይደለሁም?»

«ስታወጣት ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ ቪዲዮው ይዞታል።»

«የደስታ ነው!»

ጋሽ መልካሙ ጃንጥላውን ከፍ አደረገ። «አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው ጋሼ? በእግሬ እኮ ነው። እግረኛ ነኝ።»

«አንተ እግረኛ ነህ። እሷስ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው። ሱመያም ገባት፤ ይህን የድልድዩን ታሪክ በገዛ እጇ ሰብስባ የጻፈችው እሷ ናት።

ድልድዩ የተሠራ ጊዜ ነው። ደጃዝማች ገብረየስ የሚባሉ የአገሩ ገዢ ሊመርቁት መጡ። ነጋሪት ከፊት፣ ባለ ወርቅ ኮርቻ በቅሎ፣ ከኋላ ፊታውራሪው፣ ቀኛዝማቹ፣ ባላምባራሱ፣ ሁሉም በየማዕረጉ። የበቅሎዋ ኮቴ ድንጋዩን ሊነካ ሲል አንዲት ሴት ከመንገዱ መሃል ቆመች። ዘሀራ ትባላለች፣ ለግንበኞቹ ኖራ የምታቦካ። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ነው።

«ጌታዬ ይውረዱ» አለች። «ኖራው አልደረቀም።»

አሽከር ጅራፍ አነሳ። ደጃዝማቹ ከለከሉት። ዘሀራን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ወረዱ። በቅሎዋን እየሳቡ በእግራቸው ተሻገሩ። እሳቸው ከወረዱ ማን ተቀምጦ ያልፋል? ፊታውራሪው ወረደ። ቀኛዝማቹ ወረደ። በማግስቱም ወረዱ። በዓመቱም። ኖራው ደረቀ፣ ድንጋይ ሆነ፣ ቃሉ ግን ቀረ። በዚያ ድልድይ ላይ ማንም በገዛ እግሩ እንጂ በምንም ላይ ተጭኖ አያልፍም። ጣሊያኑ መቶ አለቃ በሞተር መጣ፤ ኖራው አልደረቀም አሉት፣ አንድም ቃል አልገባውም፣ ግን ወርዶ እየገፋ ተሻገረ። የደርጉ ካድሬ መጣ።

«ኖራ በዚህ ሁሉ ዘመን አይደርቅም እንዴ?» አለ።

«አይደርቅም ጓድ» አሉት። ወረደ።

ኋላ መኪናው በዛና ሹፌሩ ቃሉን ጣሰው፤ የአገሩ እግረኛ ግን ዛሬም ይጠብቀዋል። በሽተኛ እንኳ አፋፉ ላይ ከቃሬዛ ወርዶ፣ በሰው ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ ነው የሚያልፈው። በሰው ትከሻ የሚሻገር አንድ ብቻ ነው።

ሬሳ።

«አስተግፊሩላህ!» አለች ሩቂያ፣ አንዳርጋቸውን በእጇ ገፍታ። «ሂድ ወዲያ! ራቅ!»

አንዳርጋቸው ኮቱን መልሶ ለበሰ።

እንግዲህ ይኸው። መመለስ የለም። መኪና የለም። መታዘል የለም። መራመድም የለም። አንድ ሙሽራ፣ አንድ ድልድይ፣ ሕጉ ግን የትየለሌ።

ጉርምርምታው እየወፈረ መጣ። «ሙሽራ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው?» ይላል አንዱ። «የገዛ ብረቷ እኮ ነው፣ ለራሷ ትክፈተው!» ይላል ሌላው። «አንድ ቀን! ለሰርጓ! ማን ይጠይቃታል?» ሱመያን ይሄ ነው የቆጠቆጣት። ማንም አይጠይቃትም። ነገ ግን የአሸዋው አይሱዙ እዚህ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ «ለራስሽ ሲሆን ከፍተሽው የለ?» ሲላት፣ ምን ትመልሳለች? ዘንጉ ከዚያ በኋላ እንጨት ነው። ስንጥቁ ደግሞ ሰርግ አያውቅም።

ኢሳቅ ከሌላው በር ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። ሩቂያን በዓይኑ አስወጣት። በሩን ዘጋ። የውጪው ጫጫታ ደከመ።

«እናቴ ማዶ ቆማለች» አለ። «ይታየኛል።»

«እኔም አየኋት።»

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?»

«አዎ።»

ሱሪው ላይ የተረጨውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ።

«ትከፍቺዋለሽ?»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ፣ ክሩን ያዘ። ኢሳቅ እጇን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ።

ያኔ ነው ከማዶ ከበሮ የተመታው።

ግራናዎች መጡ! በሙሉ ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ሴቶቹ ከፊት፣ እልልታው ከጎርፉ በላይ። ከመሃላቸው አንዲት አሮጊት ተነጥላ ድልድዩ ላይ ወጣች። ከዘራዋ ድንጋዩን ቋ ያደርገዋል። እቴ ሀስና ናት፣ የኢሳቅ አያት። ግራና ውስጥ እቴ ሀስና ያልመረቀችው ሰርግ ሰርግ አይባልም። የዘሀራ፣ የዚያችው የኖራ አቡኪዋ ዘር ናት፤ ይህን ደግሞ ለሰማም ላልሰማም ትናገራለች። ድልድዩ መሃል ደርሳ ቆመች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላ ጮኸች። «ወጡ ቀዘቀዘ!»

«መንገድ የለም እቴ!» ብሎ መለሰ ወንዳወቅ።

«እኔ የቆምሁበት ታዲያ ምንድን ነው?»

ሱመያ ድልድዩን አየችው። አይታው እንደማታውቅ ሆና አየችው። ከጫፍ ጫፍ ድንጋይ። ድንጋይ፣ ኖራ፣ ድንጋይ።

በሩን ከፈተች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ሩቂያ።

«ጫማዬን ያዢልኝ።»

«ሱመያ! ወላሂ እንዳታስቢው! አፈር!»

«አፈር ማን ይነካል? አንዳርጋቸው!»

«አቤት!»

«አንሳኝ።»

«ወዴት? ሬሳ ነው አላሉም እንዴ?»

«እስከ ዘንጉ ብቻ። መሬቱን ታሻግረኝና ድንጋዩ ላይ ታቆመኛለህ። ከዚያ በእግሬ ነኝ። ማዶ ስደርስ ደግሞ ታነሳኛለህ። አፈር አልነካሁ፣ ድልድዩም ላይ አልታዘልኩ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ድንጋይ አፈር አይደለም?» አለ አንዱ።

«ድንጋይ ድንጋይ ነው» አለ ጋሽ መልካሙ።

«ድንጋይስ ከምን መጣ?»

«አጎቴ፣ እሱን እኔ እስክሻገር ተከራከሩበት» አለች ሱመያ። «ሰማይ ሌላ እያወረደ ነው። አንሳኝ!»

አንዳርጋቸው አነሳት። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ በዚህ ጊዜ ማንም አልቀለደበትም። ጋሽ መልካሙ ከዘንጉ ጎን ያለችውን የእግረኛ ቀዳዳ በጃንጥላው እያሳየ መራው። አንዳርጋቸው ቬሎውን እየታቀፈ፣ እየተደናቀፈ፣ በስተመጨረሻ የመጀመሪያው ጥርብ ድንጋይ ላይ አወረዳት።

ድንጋዩ ይሞቃል። ፀሐይ ሲመታው ውሏል። በሂና ያበበው እግሯ ባዶውን ቆመበት። ከሥር ጎርፉ ሲያልፍ በውስጥ እግሯ ይሰማታል፣ ስስ ንዝረት፣ የከበሮ ቆዳ እንደመንካት።

«ቢስሚላህ» ብላ ተራመደች።

ከኋላዋ እልል ያለ የለም። ከፊቷም የለም። እቴ ሀስና መሃል ላይ ከዘራዋን ተክላ ትጠብቃለች፣ ፊቷ የተዘጋ በር።

የፊተኛውን ቅስት አልፋለች። ከላይኛው ዳር ጩኸት ሰማች።

«ግንድ! ግንድ መጣ!»

ዞረች። ሾላ ነው። አንድ ሙሉ ሾላ፣ ከነሥሩ፣ ሥሩን እንደ ክንድ ዘርግቶ፣ ከጎርፉ በላይ እየተገላበጠ ወደ ድልድዩ ይመጣል።

«ተመለሺ!» ይላል ወንዳወቅ። «ሱመያ ተመለሺ!»

«ሩጪ! ወደዚህ ሩጪ!» ይላሉ ግራናዎች።

ወደ ኋላ መመለስ ቅርብ ነበር። ሙሽራ ግን አትመለስም። እቴ ሀስና መሮጥ አትችልም። ሱመያ ወደ ፊት ሮጠች፣ አሮጊቷን በወገቧ አቀፈቻት፣ ሁለቱም በመከለያው ላይ ተለጠፉ።

መታው።

ድምፁ በጆሮ አልገባም፣ በጥርስ ነው የገባው። ድልድዩ አቃሰተ። ከድንጋዮቹ መገናኛ ሁሉ ነጭ ብናኝ እንደ ጭስ ቦነነ። ሱመያ ዓይኗን ጨፍና ቆጥራ የማታውቀውን ዱዓ ሁሉ ባንዴ አለች። ግንዱ ምሰሶው ላይ ተሻግሮ ቆመ፣ ውሃው ከኋላው አበጠ፣ ገፋው። ሥሩ ድንጋዩን ጫረው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰካራም፣ ዞረ። በቅስቱ ሥር ገባ። በወዲያኛው በኩል ወጣ። ሄደ።

ድልድዩ አለ።

«አለ!» አለ ጋሽ መልካሙ፣ ጃንጥላውን ሰማይ ላይ እየሰበቀ። «አለ! ቆሟል!»

ወንዳወቅ አፋፉ ላይ ቁጢጥ አለ። የመኪናዋን ቁልፍ መዳፉ ላይ አገላበጠ። «ይቺን እኮ አሁን እዚያ ላይ…» አለ። አልጨረሰውም።

እቴ ሀስና ነጠላዋን አራገፈች። ወንዙን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ገለሳ» አለችው። «አንተም ሰርግ ተጠርተህ ነው?»

ከዚያ ወደ ሱመያ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየቻት። ቬሎውን፣ ክሩን፣ ባዶ እግሯን።

«ልጄ፣ ሙሽራ በእግሯ ስትመጣ እኔ አይቼ አላውቅም። ማን አወረደሽ?»

ሱመያ አሁን የምትለው ይወስናል፤ ግራና ገብታ ምራት ትባላለች፣ ወይ ዕድሜ ልኳን እድሏ መንገድ ላይ የፈሰሰ ትባላለች። አሮጊቷ የምትለውን ነው አገር የሚለው። ወደ ታች አየች። ከግንዱ ምት የቦነነው ኖራ ድንጋዩን ሸፍኖታል። እግሯ፣ ያ ሁሉ ሂና፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ሆኗል።

እግሯን ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

«እቴ» አለች፣ «ኖራው አልደረቀም።»

እቴ ሀስና እግሯን አየች። ጎንበስ አለች፣ በጣቷ ነካችው፣ ጣቷን ለፀሐዩ ዘርግታ አየችው። ነጭ። ፊቷ ላይ ያለው በር ተከፈተ።

«የዘሀራ እጅ!» ብላ ጮኸች። «ያ ረቢ! የዘሀራ እጅ እግሯ ላይ ወጣ! ምን ቆማችኋል? ደጃች ከወረዱ ማን ይቀመጣል? እልል በሉ!»

እልልታው ከሁለቱም ዳር ባንዴ ፈነዳ። ከበሮው ተመታ። መርሳዎች በዘንጉ ጎን እየሾለኩ ድልድዩ ላይ ፈሰሱ። ጋሽ መልካሙ «ቀስ! በጥቂት በጥቂቱ! ስንጥቅ አለ!» እያለ በጃንጥላው ያግዳቸዋል፣ ማን ይስማው። መጨረሻ ላይ እሱም ገባው። ከዘንጉ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ኖራው አልደረቀም!» አለ።

ቆሙ። ሳቁ። ጫማቸውን አውልቀው በየተራ አለፉ። ሩቂያ የሙሽሪትን ጫማ በአንድ እጅ፣ የራሷን በአንድ እጅ። ወንዳወቅ ላንድክሩዘሯን ቆልፎ፣ ካልሲውን ኪሱ ከትቶ፣ ከሁሉም ኋላ።

ኢሳቅ ሮጦ ደረሰባት። እቴ ሀስና ከፊት ከዘራዋን ቋ ቋ እያደረገች ትመራለች፣ እነሱ ከኋላ ጎን ለጎን ይራመዳሉ። እሱም ባዶ እግሩን ነው።

«ቁልፉ አልጠፋም?» አለ።

ክሩን መዝዛ አሳየችው። «ኢሳቅ።»

«ወይ።»

«ስትጠይቀኝ እኮ አልመለስኩልህም። ደግመህ ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር።»

ማዶ አፋፍ ላይ አንዳርጋቸው ቀድሟቸው ደርሷል፣ እጁን ዘርግቶ ይዘላል። «ኧረ ፍጠኑ! ወገቤ ሳይቀዘቅዝ!»

«አውቄያለሁ» አለ ኢሳቅ። «ለዚህ ነው ደግሜ ያልጠየቅኩሽ።»